ባለ አራት ኢንች ቱቦ

ቆርቆሮ ሰሌዳ፣ በአራት ምስማር፣
ጥዱ ላይ ተመትቶ አየሁት ሰኞ ለት ድልድዩን ስሻገር።
«ከዚህ በላይ ባለው ወንዝ፣ ከውሃው ወለል ሥር፣
ወርቅ ፍለጋ ተብሎ በሞተር መምጠጥ፣ መቦርቦር
ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው» ይላል፤
ማኅተም፣ የአንቀጽ ቁጥር፣ ቀን አስከትሏል።

ሁለቴ አነበብኩት።
መነጽሬን ጠርጌ ሦስተኛም ደገምኩት።
ቃሉ አልተለወጠም።
ጥዱም ምስማሩ ያመመው አይመስልም።

አንተ ሞተር፣
ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሰህ የተኛህ፣
ይህን ወሬ በምን አፌ ልንገርህ?

መጀመሪያ ጊዜ ቱቦህን ለኩት፤
«ስምንት ኢንች በዛ፣ ወደ አራት አውርዱት»
አሉ፤ አወረድኩት።
ቀጥሎ ወር ቆጠሩ፣ «ከሐምሌ እስከ መስከረም፣
ከዚያ ወዲያ የለም።»
እሺ አልኩ። ዓሣም እንደ ሰው የመውለጃ ወር አለው፣ አልከራከርም።
ከዚያ ፈቃድ መጣ፣ ከፈቃዱም ክፍያ፣
ከክፍያው ተለጣፊ፣ ከተለጣፊው መለያ፤
ሁሉንም ገዛሁት፣ ሁሉንም ለጠፍኩብህ፣
እንደ ጄኔራል ደረት እስኪያብረቀርቅ ሆድህ።

ደግሞስ ምን አተረፍን? የሠላሳ በጋ ወርቅ
የአስፕሪን ብልቃጥ ግማሹን አይሞላ፣ ቢወቀጥ፣ ቢደቅ።
ዶሪን አንድ ክረምት ቁጭ ብላ ደምራ
የቤንዚኑን ዋጋ፣ የጎማውን ኪሳራ፣
የወገቤን ሐኪም፣ የጥርሴን መንቀጥቀጥ፣
«ቨርን» አለች ሳትስቅ፣ «የጋብቻ ቀለበትህን ብትሸጥ
ይሻልህ ነበር።»
የራሷን ግን ከዚያው ወንዝ ካወጣሁት ፍሬ አሠርታ፣ ሊጥ ስታቦካ እንኳ አታወልቀውም ነበር።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤
ያልያዙት ነው እንጂ ሰውን ከሞቀ አልጋ ጎህ ሳይቀድ የሚያስነሳ፣ ይኸው እኔን ያስነሳል።

በሳምንቱ መጣች ካሊስታ፣ የወንዙ ጠባቂ፣
አባቷ መጋዝ ቤት አብሮኝ ሳንቃ ሰንጣቂ።
እስክሪብቶ አላወጣች፣ መቀጫም አልጻፈች፣
ታቹ መስታወት የሆነ ባልዲ ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች።
«ና እስቲ እይ» አለች።
ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ ጮኸ።

ከጠጠሩ መሃል፣ ከድንጋዩ ጥላ፣
አተር የሚያካክል፣ እንደ ብርቱካን የቀላ፣
ዕንቁላል በዕንቁላል ላይ፣ ከዕንቁላሉ ውስጥ ዓይን፤
አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ሁለት፣ አንድ ሺህ፣ አተኩሮ የሚያየኝ።

«እኔ የምሠራው በሐምሌ ነው» አልኩ፣
«ያኔ ዕንቁላል የለም።»
«ያኔ አልጋውን ትንዳለህ፤ በጥቅምት ስትመጣ እናትየው ጥሩ መስሏት
አንተ በከመርከው ልል ጠጠር ላይ ትጥላለች፤
የመጀመሪያው ጎርፍ ጠርጎ ይወስድባታል» አለች።

«ከላይ ያለው ግድብስ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ወንዝ ያነቀ?
እሱ ላይ ሰሌዳ ማን ሰቀለ? ማንስ ምስማር አጠበቀ?»
ካሊስታ ዝም አለች።
ባልዲዋን ደፍታ ውሃውን አንጠፈጠፈች።

እና አሁን በሳህን ነው። ሕጉ ሳህን ይፈቅዳል፣
አካፋ ይፈቅዳል፣ ወንፊት ይፈቅዳል፤
ትዕግሥት ግን አንቀጽ የለውም፣
ከየትም ቢሮ አይገዛም።

ትናንት ማታ ደግሞ፣ ዶሪን ስትተኛልኝ፣
ሸራህን ገለጥኩት፤ ሽታህ አቀፈኝ።
ቱቦህን አንስቼ የዝናብ በርሜል ውስጥ ነከርኩ፣
ገመድህን ሳብኩ፣
ሳብኩ፣
በሦስተኛው ተነሳህ፣
እንደ አሮጌ ውሻ አስነጥሰህ።

የአንድ ክረምት ዝናብ በአንድ ትንፋሽ ጠጣህ።
ከበርሜሉ ግርጌ የቀረውን ዝቃጭ፣
ዝገት፣ የሰበሰ ቅጠል፣ የትንኝ እጭ፣
በሳህን አጠብኩት፣ በባትሪ ብርሃን፣
ቀስ አድርጌ፣ እያዞርኩ፣ እንደ ሁልጊዜው ልማዴ፣
አንዴ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አንዴ።

ከላይ መስኮት በራ።
ዶሪን ናት፤ በክንዷ ተደግፋ።
አልተቆጣችም።
«ምን አገኘህ?» አለች።